ፍሬቻ አብርቶ መንገድ መዝጋት

ለመሆኑ ፍሬቻውን ግራና ቀኝ ያበራ ሰው ኃጢአቱ ሁሉ የሚሰረይለት ይመስልዎታል? እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሙርዋይክ በሚባለው ሰፈር ያለችው የበርበሬ ሱቄ ከትምህርት ቤት አጠገብ ስለሆነች ልጅ አድራሾችን ጠዋት ጠዋት አያለሁ። መንገዱን ዘግተው፣ ፍሬቻ አብርተው፣ "አንድ ደቂቃ!" ብለው ይሄዳሉ። ደቂቃቸው ግን እንደ ሚዛኔ አይደለችም፤ ትለጠጣለች።

ባለፈው ጎረቤቴን ጋሽ ይመርን ለኩላሊት እጥበት የሚወስዳቸው ታክሲ መጣ፤ ግን አንዲት ያገራችን ልጅ መኪናዋን መንገዱ መሀል አቁማ ሄዳለች። ሹፌሩ ክላክሱን ቢያስጮህ ማን ሰምቶት? ልጇን አድርሳ ስትመለስ ጋሽ ይመርን በራቸው ላይ ቆመው አየቻቸው። መቼም አክባሪ ናት፤ ትልቅ ሰው ሳትሳለም አታልፍም። ትከሻቸውን እየሳመች፣

"ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎስ?" አለች።

"ጤናዬማ" አሉ በከዘራቸው ወደ ታክሲው እየጠቆሙ፣ "ያውልሽ፣ ከመኪናሽ ኋላ ቆሟል።"