የእትዬ ሠርኬ ጣሳዎች

እትዬ ሠርኬን በቅርብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ነው። ቤታቸው ገብቼ አላውቅም፤ አገራቸው ጎንደር መሆኑን እንኳ የሰማሁት ከሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጥያቄ ሲጠይቁት በመልስ ፈንታ ሥራ የሚሰጥ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ስንት ሰዓት ሆነ ብትሉት ጥላችሁን በእርምጃ ያስለካችኋል። የእኛ ሰፈር ድርሻ እትዬ ሠርኬ ነበሩ።

ዘመኑ የደርግ፣ ዓመቱ 1974 ነው። እኔ ከአንዋር መስጊድ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በእጄ የቀረው ነገር ደህና የእጅ ጽሑፍ ብቻ ነበር። እሳቸው ከቢሯችን ጀርባ ባለው የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ያስተምራሉ። ሌሎች አስተማሪዎች ልጆቹን መዝሙር ሲያስጠኑ፣ ክብርት የሰማይና የደመና ሹማችን ዝናብና ነፋስ ያስጠናሉ። የሚያስጠኑትም በአፍ አይደለም።

አንዱ ልጅ ደመና ምንድን ነው ካለ «እስቲ እንየው» ይላሉ። ማንቆርቆሪያ ይጣዳል፤ ከሚወጣው እንፋሎት በላይ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ የድስት ክዳን ይያዛል። ክዳኑ ሥር ውሃ ይቋጠርና መንጠባጠብ ሲጀምር ልጆቹ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። በር ላይ ደግሞ ከጭድ ተራ የመጣ አንድ ሳጥን ጭድ አለ። ጠዋት ጠዋት ተራ የደረሰው ልጅ ቆንጥሮ ይበትንና ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ለክፍሉ ያስታውቃል። በዚያ ሰዓት ያለፈ ሰው ትከሻው ላይ ጭድ ሳይዝ ሥራው አይደርስም።

የነጎድጓዱ ትምህርት ግን የተለየ ነበር። ከቅመም ሻጮች የለመኑትን የወረቀት ከረጢት ለሃያ ልጆች አደሉና፣ ነፍተው ሁሉም ባንድ ጊዜ እንዲያፈነዱት አዘዙ። የጥይቱ ዓመታት ካለፉ ገና ብዙም አልቆየም። እኔ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። የአብዮት ጥበቃው አለሙ ጠመንጃውን አቀባብሎ እየሮጠ ደረሰ። እትዬ ሠርኬ ከላይ እስከ ታች አዩትና አንድ ከረጢት አቀበሉት።

«የታመቀ አየር በድንገት ሲለቀቅ እንዲህ ይጮሃል። እስቲ አንተም ሞክረው።»

አለሙ ጠመንጃውን ግድግዳ አስደገፈ፤ ነፋ፤ አፈነዳ። ልጆቹ አጨበጨቡለት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ባለፈ ቁጥር ቆም ብሎ የነፋሱን ነገር መጠየቅ ልማዱ ሆነ።

በሰኔ የዝናብ መለኪያ ታሰበ። ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡት ጋሼ እንድሪስ የዱቄት ወተት ጣሳዎችን አፍ ቆርጠው፣ ጠርዛቸውን አጥፈው አሥር መለኪያ ሠሩ። ውሃው የሚለካው በስድስት ዓመቷ በካሚላ ጣት ነበር። የልጆቹ ጣት ስለሚለያይ የአንዷ ብቻ እንዲጸና ተስማምተዋል፤ ካሚላ የቀረች ዕለት ዝናቡ ሳይለካ ይቀራል።

ችግሩ መርካቶ መሆናችን ነበር። እዚህ መሬት ላይ የተቀመጠ ጣሳ ባለቤት የለውም። ጠዋት ግቢ ውስጥ የተደረደሩት አሥሩም «ቆራሌው» እያለ በሚዞረው ሰው ጆንያ ገብተው፣ ምሳ ሳይደርስ ምን አለሽ ተራ ተመለሱ። ጋሼ እንድሪስ የገዛ ሥራቸው ለሽያጭ ሲቀርብላቸው ስቀው መልሰው ላኩ። በማግሥቱም ያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን እትዬ ሠርኬ ልጆቹን ሰበሰቡና ዝናብ የሚደርስበት፣ ቆራሌው ግን የማይደርስበት ቦታ ራሳችሁ ፈልጉ አሏቸው። ልጆቹ ብዙም አልተቸገሩም። ጣሳዎቹን መማሪያ ክፍላቸው ውስጥ ደረደሩ።

ጣሪያው ወንፊት ነበር። እዚህ ላይ የራሴን መናገር አለብኝ። በሚያዝያ ወር ያ ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ መቀየሩን የሚገልጽ ሪፖርት ከቀበሌያችን በላይ ወዳለው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሄዷል። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። ቆርቆሮው የተመታው ግን እኔና ሊቀ መንበሩ ጓድ አገኘሁ በምንቀመጥበት ቢሮ ላይ ነበር። እኛ ደረቅ ነበርን።

በሰኔ መጨረሻ ከከፍተኛው አንድ ጎብኚ መጡ። ልጆቹ ዘመሩላቸው። ከዚያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የዝናብ ሰንጠረዥ አይተው፣ ይህን ሁሉ ማን ለካው፣ የትስ ለካው ብለው ጠየቁ። ካሚላ የጎብኚውን እግር ሥር አሳየቻቸው። ጎንበስ ብለው ጣሳውን አዩ፤ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፤ ቀጥለው ጓድ አገኘሁን አዩ። አንድም ነገር ሳይናገሩ ሄዱ። ያኔ እንዲህ ያለ ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስፈራ የኖረበት ያውቀዋል።

በማግሥቱ ኮሚቴው ተጠራ፤ አጀንዳው አንድ፣ እትዬ ሠርኬን ማባረር። ጓድ አገኘሁ ነገሩ አሻጥር ነው አሉ፤ ጣሪያው ደህና ነው፣ ውሃውን ሴትየዋ በጆግ ጨምረውበታል አሉ። አሻጥር ከተባለ ከሥራ መባረር ትንሹ ቅጣት ነበር። አምስቱም የኮሚቴ አባላት ወለሉን ያያሉ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ለመልስ ተጠርተው ጥግ የቆሙት እትዬ ሠርኬ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እየዘነበ አይደል? እስቲ እንየው።»

አለሙ ማንም ሳያዘው በሩን ከፈተ። ተከታትለን ወደ ክፍሉ ገባን። ባዶ ጣሳ መሐል ላይ ተቀመጠ፤ የተከበረው ኮሚቴ በልጆቹ አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብታ አዳመጠ። የጓድ አገኘሁ ኮፍያ ላይ ሳይቀር ይንጠባጠብ ነበር። በመጨረሻ ካሚላ ተጠርታ መጣችና ጣቷን አስገብታ ለካች።

«አንድ ጣት» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጓድ አገኘሁ ጉዳዩ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል ብለህ ጻፍ አሉኝ። እኔ ግን «አንድ ጣት ዝናብ በክፍሉ ውስጥ ተለክቷል» ብዬ ጻፍኩ።

«ይሄን ማን ጻፍ አለህ?»

«ለክተነዋል እኮ ጓድ» አልኩ።

ከኮሚቴው አባላት ቀድመው የፈረሙት አናጢው ጋሼ ካሳ ናቸው፤ ሌሎቹም ተከተሉ። እትዬ ሠርኬ ሥራቸው ላይ ቀሩ፤ በሐምሌም ጣሪያው ተመታ። በሕይወቴ ስንት ቃለ ጉባኤ ጽፌአለሁ፤ ያለ ጥርጥር እውነት መሆኑን የማውቀው ግን ያ አንድ መስመር ብቻ ነው። የጻፍኩት እኔ ብሆንም ያስጻፉኝ እሳቸው ናቸው፤ ከእሳቸው ተማሪዎች አንዱ የሆንኩትም ያን ዕለት ነው።

ነሐሴ ላይ ድፍረት አግኝቼ በመማሪያ ክፍላቸው በር ላይ ቆምኩ።

«እትዬ ሠርኬ» አልኳቸው፣ «ልጆቹ ጣሳዎቹን የት እንደሚያስቀምጡ እርስዎ አስቀድመው ያውቁ ነበር?»

 እሳቸው ከሳጥኑ ጭድ ቆንጥረው መዳፌ ላይ አደረጉልኝና ወደ ልጆቹ ገቡ።