ማጥፋት የድሃ ልማድ ነው

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ የተወጋሁበትን ሰዓት ጭምር አልረሳሁም። እሑድ ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ፤ በእህቴ ቤት ሳሎን፣ ሁልጊዜ ለእኔ በምትቀርብ፣ አንድ እግሯ በሚነቃነቅ ወንበር ላይ ተቀምጬ። ወጊው የእህቴ ባል ነው።

የእህቴ ባል ሲናገር ብርጭቆውን ያስቀምጣል። ብርጭቆ ይዞ የተናገረው እንደ ወሬ ይታለፋል፤ አስቀምጦ የተናገረው ግን መመሪያ ነው። ያን ዕለት ለእንግዶቹ ስለ አዲሱ አንድ ቴራ ሃርድ ዲስኩ ሲያስረዳ ቆየና ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረ።

«ያ የሰጠሁህ ኮምፒውተር ዲስኩ ስንት ነበር?»

«ሰማንያ ጊጋ።»

«ሞላብህ?»

«ኧረ አልሞላም።»

«በምን ይሞላል፤» አለ ፊቱን ወደ እንግዶቹ መልሶ። «ሰው የዲስኩን ያህል ነው። የሚያስቀምጠው ነገር የሌለው ሰው ሰማንያ ጊጋም ሜዳ ይሆንበታል።»

ሳቁ። ጎረቤትየው ሪዙን እየጠረገ ሳቀ፤ የመሥሪያ ቤት ባልደረባው ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። እህቴ ወደ ጓዳ ገባች። እናቴን ሳል ያዛት። ሳል ነው ብዬ የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ውሳኔዬም እስከ ዛሬ አልተሻረም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስሜ ሰማንያ ሆኖ ቀረ። ይኸው ሦስት ዓመት አለፈው።

መቼም እውነት ነው የተናገረው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ዕቃ ስረከብ፣ ስደረድርና ሳወጣ ስለኖርኩ፣ ስለ ማስቀመጥ የማውቀው ነገር ሊኖር አይችልም። እሱ ግን የተማረ ነው፤ የዕቅድና ጥናት ኃላፊ ነው። ስለዚህ አንዱ ቴራ በሞላ ጊዜ እንደ ተራ ሰው ደንግጦ ሌላ ለመግዛት አልሮጠም። በቅድሚያ ጥናት አጠና።

ጥናቱ «የቤተሰባችን የማከማቻ ፍላጎት፦ ነባራዊ ሁኔታና የወደፊት አቅጣጫ» ይሰኛል። ዘጠኝ ገጽ ነው። ለሚስቱና ለልጁ ከምሳ በኋላ ቆሞ አነበበላቸው። በጥናቱ መሠረት ሦስት ሰው ያለበት ቤት በአሁኑ ወቅት ስምንት ቴራ፣ ገና ያልተወለዱት የልጅ ልጆች ሲታከሉ ደግሞ አሥራ ስድስት ቴራ እንደሚያስፈልገው ተረጋገጠ። ልጅቷ፣ «አባዬ፣ ምን ልናስቀምጥበት ነው?» ብላ ብትጠይቅ፣ «ዝርዝሩ በአፈጻጸም ወቅት ይገለጻል» የሚል ግልጽ ምላሽ ተሰጥቷታል።

አፈጻጸሙ ተጀመረ። ማቀዝቀዣው በር ላይ «ማጥፋት የድሃ ልማድ ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። እህቴ ስልኳ ኪስ ውስጥ ሆኖ በስህተት ያነሳቸውን ሁለት መቶ የሚሆኑ የጨለማ ፎቶዎች ብታጠፋ፣ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ደረሳት፤ ግልባጩ ማቀዝቀዣው ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የጠፋ ነገር የለም። ድሮ የተሸጠው የልብስ ማጠቢያ መመሪያ በአሥራ ሁለት ቋንቋ ተቀምጧል። በመሥሪያ ቤቱ ግብዣ ላይ ያደረገው ንግግር ከነማይክራፎኑ ጩኸት አምስት ቦታ ተቀምጧል። «የመጨረሻ» የሚባል ፎልደር አለ፤ «የመጨረሻው መጨረሻ» የሚባልም አለ፤ ከሁለቱም በኋላ የተከፈተ «አዲስ» የሚባል አለ። ትልቅ ዲስክ በተገዛ ቁጥር ትንሹ እንዳለ ተገልብጦ ይገባበታል፤ ትልቁም በተራው የሚበልጠው ሆድ ውስጥ ይገባል። ሆድ ከአገር ይሰፋል ያሉት አባቶች ሃርድ ዲስክ ሳያዩ ነው።

ዲስኮቹ ሲበዙ የሙቀት ጉዳይ ተነሳ። ቤቱ ውስጥ ያለው ቬንቲሌተር አንድ ነው። ሰው ቢሞቀው መስኮት ይከፍታል፤ ዲስክ ግን እጅ የለውም። በዚህ አሳማኝ ምክንያት ቬንቲሌተሩ ከሶፋው ወደ ዲስኮቹ ዞረ። እናቴ በሙቀቱ ወር ልትጠይቃቸው በመጣች ቁጥር በጋዜጣ እያራገበች፣ «እነሱስ አደላቸው» ትል ነበር።

አንድ ሐሙስ ድንቁርናዬ አላስቀምጥ ብሎኝ አፌን ከፈትኩ። እኛ ግምጃ ቤት አስወጋጅ ኮሚቴ የሚባል አለ፤ ሦስት ዓመት ማንም ያልጠየቀውን ዕቃ እያየ ያስወግዳል፤ መጋዘን ማለት የያዝከው ሳይሆን ስትጠየቅ የምታገኘው ነው አልኩት። ካስቀመጥከው ውስጥ ስንቱን ከፍተህ አይተኸዋል ብዬም ጨመርኩ። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ማየት ሌላ፣ መያዝ ሌላ ነው ሰማንያ። የምስማር ካርቶንና መረጃ አንድ መስሎሃል።»

ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት። ሁለተኛው የተወጋሁበት ሰዓት ነው።

እንዲህ እያልን ሳለ የእናቴ ዐይን ደከመ። ሐኪሙ ለሰኞ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሰጣት፤ ከዚያ በኋላ ልታይም ላታይም እንደምትችል አልደበቃትም። እናቴ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። አባታችን ከሞተ አምስት ዓመቱ ነው። ከመሞቱ በፊት በነበረው ዓመት እዚሁ እህቴ ቤት በር ላይ ወንበር ሲጠግን የእህቴ ባል በካሜራ ቀርጾት ነበር፤ ሦስት ደቂቃ የምትሆን ፊልም ናት። ድምፁ ያለባት ሌላ ፊልም የለችም።

«ዐይኔ እያለ ያን ሽማግሌ አንዴ ልየው» አለች።

የእህቴ ባል ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አንዴ? አሥራ ሰባት ቦታ ነው ያስቀመጥኩት እማማ!»

አላጋነነም። ሐሙስ ዕለት ሲፈልግ «አባባ» የሚል ስም በትክክል አሥራ ሰባት ቦታ ተገኘ። ችግሩ፣ አንዱም አልከፈት አለ። ዐርብ፣ ዲስኮቹ ደክሟቸው ነው ተብሎ ቬንቲሌተሩ ቀረብ ተደረገላቸው። ቅዳሜ ባለሙያ እንድትጠራ ተወሰነ፤ እኔም ፊልሟ አልከፈት ማለቷ ሳይነገረኝ በስልክ ተጠራሁ። ዲስኮቹን ከመደርደሪያው የሚያወርድ ጉልበት ያስፈልጋል ተባልኩ። ጉልበት ጊጋ አይጠይቅም፤ እሑድ በጠዋት ሄድኩ።

እናቴ መነጽሯን ወልውላ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ባለሙያዋ እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ የሰካች፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። የመጀመሪያውን «አባባ» ነካችውና ትንሽ አየችው።

«ይሄ ፊልም አይደለም።»

«እንዴት አይደለም? ስሙ ተጽፎበት!»

«ስሙማ አለ። ጥጉ ላይ ያለችውን ቀስት አዩዋት? ሾርትከት ናት። ፊልሙ የት እንዳለ የምትጠቁም እንጂ ፊልሙ እሷ ውስጥ የለም።»

«የሚቀጥለውን ክፈቺው።»

የሚቀጥለውን ከፈተች። አሥራ ሰባቱንም አንድ በአንድ ከፈተች። ከዚያ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።

«አሥራ ሰባት ቀስት አለዎት» አለች።

«ተገኘ?» አለች እናቴ ከሶፋው።

«እየተጣራ ነው እማማ» አለ የእህቴ ባል።

እህቴ ስለ ዲስክ ጉዳይ ከማስጠንቀቂያው ወዲህ ተናግራ አታውቅም። አሁን ግን ጠጋ ብላ፣ «ቀስቷ ወዴት ነው የምትጠቁመው?» አለች።

«በፊት ወደነበራችሁ ኮምፒውተር። ባለቤትሽ ምልክቱን ነው ሲገለብጥ የኖረው፤ ፊልሙ እዚያው ቀርቷል። የድሮው ኮምፒውተር የት ደረሰ?»

እህቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድም ጋሼ...» አለችና የቀረውን ተወችው።

አሥራ ስድስት ቴራ፣ ዘጠኝ ገጽ ጥናት፣ አንድ ቬንቲሌተር፤ ይህ ሁሉ አሥራ ሰባት ጣቱን ቀስሮ የእኔን ቤት ሲያሳይ ኖሯል። በሕይወቴ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም።

ወጣሁ። ቤቴ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ያ ኮምፒውተር ሲሰጠኝ እስከ ጉሮሮው ሞልቶ ነበር። ሁለት ቅዳሜ ቁጭ ብዬ፣ ራሴ ሰብሳቢ፣ ራሴ አባል፣ ራሴ ጸሐፊ ሆኜ አንድ በአንድ አይቼ አስወገድኩ። የአባቴን ፊልም ግን አስቀረሁ። አንዳንድ እሑድ ከእህቴ ቤት ስመለስ እከፍታታለሁ። እሱ ዘንድ የለችም ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ማጥፋት የተከለከለበት ቤት እኮ ነው።

ማሽኑን በትከሻዬ አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሰካሁት። እስኪነሳ ጊዜ ወሰደ፤ ሽማግሌ ነው። ከዚያ አባቴ ብቅ አለ። በሩ ላይ ተቀምጦ፣ ወንበሯን ገልብጦ ጉልበቱ መሀል ይዟታል፤ አፉ ውስጥ ምስማር አለ። አንዱን መትቶ ሊያስገባ ሲል ጥላ መጣበት። ቀና አለ።

«ዞር በል እስቲ አንተ ልጅ፣ ብርሃኔን ጋረድከኝ።»

ካሜራው አልተነቃነቀም። አባቴ መታው፤ ምስማሩ ተጣሞ ገባ። ያቺ ወንበር እስከ ዛሬ የምትነቃነቀው ለዚህ ነው።

እናቴ ተነስታ አፍንጫዋ የኮምፒውተሩን መስተዋት ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋች። «ምስማሩን ካፍህ አውጣ፣ ትውጠዋለህ» አለችው፣ ድሮ እንደምትለው። ሳቀች። «ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። ሦስተኛ ጊዜም ደገምኩት። ባለሙያዋ ዕቃዋን መሰብሰብ ትታ ቆማ ታይ ነበር።

የእህቴ ባል ብርጭቆ አልያዘም ነበር። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ባዶ ብርጭቆ አነሳና አስቀመጠው።

«ዛሬ በተግባር ያረጋገጥነው ነገር ቢኖር፣» አለ፣ «መረጃን ሁሉ አንድ ቦታ አለማከማቸት ያለውን ከፍተኛ ፋይዳ ነው። ይህን ማሽን ለሰማንያ ስሰጥ አርቄ አስቤ ነው። ከቤት ውጭ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ይባላል፤ በዓለም ላይ የተለመደ አሠራር ነው።»

ባለሙያዋ ፀጉሯ ውስጥ ያለውን እርሳስ መፈለግ ጀመረች። እህቴ ጣሪያውን አየች። እሱ ጎንበስ ብሎ ማውሱን ያዘ፤ ፊልሙን አቆመው፤ አባቴ አፉን እንደከፈተ ቀረ። መጠባበቂያውን ሊጎበኝ ፎልደሮቹን መክፈት ጀመረ። ሦስት ብቻ ናቸው። ቶሎ አለቁበት። ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ ታች ተመለሰ፤ ፊቱ እየተለወጠ መጣ።

«የቀረውስ?» አለኝ። «እዚህ ውስጥ እኮ ሰባ ዘጠኝ ጊጋ የእኔ ፋይል ነበር። የግብዣው ፎቶ የት አለ? መመሪያዎቹስ? በማን ፈቃድ ነው ያጠፋኸው?»

መልስ አልጠፋኝም። ከነቀኑና ከነሰዓቱ የተደረደረ የሦስት ዓመት መልስ ነበረኝ፤ ከየትኛው እንደምጀምር ሳይቀር አውቄ ነበር።

«ኧረ ልጆቼ፣» አለች እናቴ ዐይኗን ከመስተዋቱ ሳትነቅል፣ «ሽማግሌው አፉን ከፍቶ ቆመ። አስጀምሩልኝ እንጂ።»

ማውሱን ከእጁ ወስጄ አስጀመርኩላት። ወንበሬን አንስቼ ግድግዳውን አስደገፍኳት። ኮምፒውተሩን እዚያው ትቼ፣ ባዶ እጄን ወደ በሩ ሄድኩ።

«እየጠየቅኩህ ነው እኮ ሰማንያ፤» አለ ከኋላዬ። «በማን ፈቃድ?»

«ዞር በል እስቲ አንተ ልጅ፣» አለ አባቴ፣ «ብርሃኔን ጋረድከኝ።»

በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።