ምድር ቤት ስለተተከለው አንቴና የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ወሩ በገባ በ14ኛው ቀን
ሰዓት፦ ለ9፡00 የተጠራ፣ 9፡50 ላይ የተጀመረ
ቦታ፦ የሕንጻው ምድር ቤት፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር ክፍል

የተገኙ፦
1. ሰብሳቢው። ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ፣ አራተኛ ፎቅ። በነዋሪው ዘንድ «ጋሽ ሥነ ሥርዓት» በመባል ይታወቃሉ።
2. እትዬ ልብስ ሰፊዋ፣ ሦስተኛ ፎቅ። የዕለቱ አመልካች።
3. የኤሌክትሪክ ባለሙያው፣ አንደኛ ፎቅ። ቶሎ ስለሚቃጠል «ፊውዝ» ይባላል።
4. ጸሐፊው፣ ሁለተኛ ፎቅ። የቋንቋ መምህር። የእጅ ጽሑፉ ያምራል ተብሎ የተመረጠ፤ ሌላ ምክንያት አልተጠቀሰም።
5. የጸሐፊው ባለቤት። አባል አይደሉም።

ያልተገኙ፦ ሦስት አባላት። አንደኛው ይቅርታ ጠይቀዋል። ሁለቱ አንቴናው ከተተከለ ወዲህ ከኮሚቴው ጋር አይነጋገሩም።

ምልአተ ጉባኤ፦ ደንቡ አምስት ሰው ይጠይቃል። የጸሐፊው ባለቤት የቤት ቁልፍ ሊቀበሉ ብቅ ባሉበት ወንበር ተሰጥቷቸው ተቆጥረዋል። እሳት ላይ ድስት ጥደው እንደመጡ አስመዝግበዋል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ

ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተነበበ። ፍሬ ነገሩ የሚከተለው ነው። ከቴሌቪዥን ጣቢያው ለሕንጻው በደረሰ ደብዳቤ፣ የቀድሞው ስርጭት እንደሚቋረጥና በምትኩ ኮረብታው ላይ ከቆመው የአካባቢው ማሰራጫ «ዲጂታል ምድራዊ ስርጭት» እንደሚጀመር ተገልጿል። ኮሚቴውም ለነዋሪው ሁሉ የሚሆን አንድ የጋራ አንቴና ገዛ። የት ይተከል የሚለው ለውይይት ሲቀርብ ጸሐፊው ማንም ሳይጠይቀው ተነሥቶ፣ «ምድራዊ» የሚለው ቃል «ምድር» ከሚለው የወጣ መሆኑን፣ ተቃራኒውም «ሰማያዊ» መሆኑን፣ ስለዚህ ጣሪያ ላይ የሚወጣው የሰማዩ ማለትም የሳተላይቱ ሳህን እንደሆነ፣ የምድራዊው አንቴና ግን በተቻለ መጠን ለምድር መቅረብ እንዳለበት ለሃያ አምስት ደቂቃ አስረዳ። ተጨበጨበለት። አንቴናው ምድር ቤት፣ ከሞተሩ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ እንዲተከል በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሰብሳቢው ከሙያቸው ልምድ በመነሣት፣ እንዳይነቃነቅ ግማሽ ሜትር ኮንክሪት አስሞሉበት።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት ሞላው። እስካሁን በየቤቱ የታየው ብቸኛ ፕሮግራም «ሲግናል የለም» የሚለው ጽሑፍ ነው።

ፊውዝ እጁን አውጥቶ፣ «በሙሉ ድምፅ» የሚለው እንዲሰረዝ ጠየቀ። «እኔ ያኔ ጣሪያ ላይ ይሁን ብያለሁ። ጮኼ ነው የተናገርኩት» አለ። ጸሐፊው መዝገቡን አገላብጦ፣ በተባለው ሰዓት አንድ ነዋሪ ቧንቧ በመክፈቱ ሞተሩ ተነሥቶ እንደነበር፣ በመዝገቡም ላይ «ባለሙያው ለአራት ደቂቃ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ታይተዋል» ተብሎ መስፈሩን አነበበ። ሰብሳቢው የአፍ እንቅስቃሴ እንደ ተቃውሞ ይቆጠር ወይስ እንደ ድጋፍ የሚለው በደንቡ እንደሌለ ገለጹ። ከረዥም ውይይት በኋላ ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ እንዲያዝ ተወሰነ። ፊውዝ ተቃጠለ።

አጀንዳ 2፦ ምስል የጠፋበትን ምክንያት ስለማጣራት

ፊውዝ ቀዝቀዝ ካለ በኋላ ማብራሪያ እንዲሰጥ ተጋበዘ። ሲግናሉ ከኮረብታው ቀጥ ብሎ እንደሚመጣ፣ አንቴናው ማሰራጫውን ፊት ለፊት ማየት እንዳለበት፣ የእኛ አንቴና ግን እያየ ያለው የምድር ቤቱን ግድግዳ እንደሆነ አስረዳ። ከዚህ ቀደም የነበረው ቴሌቪዥን ሲደክመው በረዶ እየዘነበበትም ቢሆን ሰው ያሳይ እንደነበር፣ ዲጂታሉ ግን ወይ ጥርት ብሎ እንደሚመጣ ወይ ጭራሽ እንደማይመጣ አክሎ ተናገረ።

የጸሐፊው ባለቤት፣ «ምድራዊ ማለት ከሳተላይት ያልሆነ፣ እዚሁ ምድር ላይ ካለ ማማ የሚላክ ማለት አይደለም እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። ይህ አስተያየት በጸሐፊው ቤት ውስጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁርስ ላይም እራት ላይም ሲሰጥ የቆየ በመሆኑ ጸሐፊው እንደ አዲስ ሐሳብ ሊመዘግበው ተቸግሯል። ሰብሳቢው ቀና ብለው ጸሐፊውን አዩት። ጸሐፊው ብዕሩን አየ።

አንቴናው ጣሪያ ላይ ይውጣ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ሦስት እጅ እንደወጣ የጸሐፊው ባለቤት ድስቱን ሊያማስሉ ተነሡ። ሰብሳቢው ምልአተ ጉባኤው ወደ ሁለተኛ ፎቅ መውጣቱን በመግለጽ ድምፅ አሰጣጡን አቋረጡ። ባለቤትየዋ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ተመለሱ፤ ነገር ግን በእነዚህ አሥር ደቂቃዎች ሰብሳቢው ኮንክሪታቸውን ሲዳስሱ ስለቆዩ ሐሳባቸውን ቀይረው ተገኙ። አንቴናው ከሚነቃነቅ ይልቅ ሲግናሉ የሚገባበት ቀዳዳ በግድግዳው ላይ ቢበሳ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊው በበኩሉ፣ ጣቢያው ስርጭቱን ትንሽ ዝቅ አድርጎ እንዲልክ ደብዳቤ ቢጻፍለት ሲል ሐሳብ ሰነዘረ። ይህን እንዳለ ክፍሉ ጸጥ አለ። ጸሐፊው ሞተሩ እንዲነሣ ተመኘ፤ በዚያ ሰዓት ግን ቧንቧ የከፈተ አልነበረም።

ከረዥም ውይይት በኋላ ሁለቱም ሐሳቦች በአብላጫ ድምፅ ጸደቁ።

አጀንዳ 3፦ የእትዬ ልብስ ሰፊዋ ማመልከቻ

እትዬ ማመልከቻቸውን በቃል አቀረቡ። «ልጄ ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዜና ታነባለች። እዚሁ፣ በኮረብታው ጣቢያ» አሉ።

ሰብሳቢው በኮሚቴው ስም እንኳን ደስ አለዎት ካሉ በኋላ፣ ጉዳዩ አንገብጋቢ ቢሆንም ግድግዳው ለመበሳት ቢያንስ ሁለት ሳምንት እንደሚፈልግ ገለጹ። ለዛሬ ሌላ ሕንጻ፣ ዘመድ ወይም ወዳጅ ቤት ሄደው ቢያዩስ የሚል ሐሳብ ቀረበላቸው።

«የሰው ቤት ገብቼ ላልቅስ?» ሲሉ መለሱ። ከዚያም የሚከተለውን ተናገሩ፤ ጸሐፊው ማሳጠር ስላልቻለ እንዳለ አስፍሮታል። «የምትለብሰውን ኮት እኔ ነኝ የሰፋሁት። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ግራ ትከሻዋ ዝቅ ይላል። ትምህርት ቤት እያለች በዚህ ይስቁባት ነበር፤ ፎቶ ሲያነሷት ሁልጊዜ ጥግ ሄዳ ነው የምትቆመው። አሁን ማንም እንዳያውቅ ከውስጥ ሞልቼ አስተካክዬዋለሁ። ሦስት ጊዜ ፈትቼ ነው የሰፋሁት። እኔ ዜናውን አይደለም የምፈልገው። ትከሻዋ እኩል ሆኖ እንደሆነ ማየት ነው።»

ጉባኤው ለጥቂት ጊዜ አጀንዳው ጠፋበት።

ሰዓቱ 11፡25 ነበር። ፊውዝ ቤቱ ውስጥ ትንሽ አንቴና እንዳለውና በእትዬ መስኮት ቢወጣ ኮረብታውን ፊት ለፊት እንደሚያይ ተናገረ። ሰብሳቢው «ሥነ ሥርዓት» ብለው፣ የሕንጻውን ገጽታ ለመጠበቅ የወጣው ደንብ ተራ ቁጥር ሰባት በመስኮት ላይ ማናቸውንም ነገር ማሰር፣ መቸንከር፣ ማንጠልጠልና ማስደገፍ እንደሚከለክል አስታወሱ። ደንቡን ያረቀቀው ጸሐፊው ነው። ምንም ቀዳዳ እንዳይኖረው ብሎ አራት ግስ መጠቀሙን በወቅቱ በኩራት ገልጾ ነበር።

እትዬ ደንቡ እንደገና እንዲነበብላቸው ጠየቁ። ተነበበላቸው። «መያዝ አይልም» አሉ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አነበቡት። መያዝ አይልም።

በመሆኑም አንድ ሰው በመስኮቱ ወጣ ብሎ አንቴናውን በእጁ እንዲይዝ ሐሳብ ቀረበ። ማን ይያዝ በሚለው ላይ ውይይት አልተደረገም። ሁሉም ወደ ጸሐፊው ዞሩ። ጸሐፊው የትከሻ ሕመም እንዳለበት ለማስረዳት ሞክሮ ነበር፤ ባለቤቱ፣ «ለሃያ አምስት ደቂቃ ስታስረዳ እጅህን እንዲህ ዘርግተህ አልነበረም?» ስላሉት ሐሳቡን አንሥቷል። በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ጉባኤው 11፡40 ላይ ሳይበተን ወደ ሦስተኛ ፎቅ ተዛወረ። የድስቱ እሳት በሰብሳቢው ትእዛዝ እንዲጠፋ ተደርጓል። ጸሐፊው ከወገቡ በላይ በመስኮት ወጥቶ፣ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ፣ አንቴናውን በሁለት እጁ ወደ ኮረብታው ዘረጋ። ከዚህ በታች ያለው እጆቹ ስለተያዙ በባለቤቱ የተጻፈ ነው።

እንደሚከተለው ነው የሆነው። ፊውዝ ሪሲቨሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ «ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ» ይላል፤ እሱ ወደ ግራ ይሄዳል። መምህር አይደለህም ወይ፣ ቀኝህን አታውቅም ወይ ተባለ። ፊቴ ወደ ውጭ ስለሆነ የማን ቀኝ እንደሆነ ይብራራልኝ አለ። ጋሼ ሰብሳቢው በተለመደው ድምፃቸው «ሥነ ሥርዓት» ቢሉ ሁላችንም ጮኽንባቸው። አሥራ ሁለት ሰዓት አለፈ። ሲግናል የለም ይላል። እትዬ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው መቀሳቸውን ይዘው ነበር፤ ለምን እንደያዙት አላውቅም።

12፡04 ላይ ድንገት መጣ። ፊውዝ እንዳለው ጥርት ብሎ ነው የመጣው። ልጅቷ ስለ ውኃ መስመር ጥገና እያነበበች ነበር። «እንዳትነቃነቅ!» አልነው። አልተነቃነቀም።

እሱ ምንም ስላላየ ያየነውን እንድነግረው ለመነኝ። ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛለች አልኩት። ፊውዝ ሲግናሉ ሰባ በመቶ ነው አለው። ጋሼ፣ ድምፅዋ ፍርጥም ያለ ነው፣ ሰብሳቢ ይወጣታል አሉት። ከዚያ ከመስኮቱ ውጭ ሆኖ፣ «ትከሻውስ?» ብሎ ጠየቀ።

ሁላችንም ወደ እትዬ ዞርን፤ መልሱ የእሳቸው ስለሆነ።

እትዬ መቀሳቸውን ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ስክሪኑ ቀረቡና በመርፌ በተበሳሳ ጣታቸው ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው መስመር አሰመሩ፤ ልብስ ሲለኩ እንደሚያደርጉት። ወደ መስኮቱ ሄደው የባሌን ጀርባ ያዙና፣ «እኩል ነው ልጄ። እጅህን ግን አታውርድ» አሉት።

የስፖርት ዜና ሲጀምር ጋሼ ሰብሳቢው ዓይናቸውን ጠርገው የማጠቃለያ ሐሳብ አቀረቡ። ግድግዳው እንዲበሳ የተወሰነው፣ ለጣቢያው ደብዳቤ እንዲጻፍ የተወሰነው፣ ከሦስት ሳምንት በፊት አንቴናው ምድር ቤት እንዲተከል የተወሰነው፣ የመስኮቱ ደንብ ተራ ቁጥር ሰባትም፣ ፊውዝ ድምፀ ተአቅቦ አድርጓል የተባለውም፣ ሁሉም በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። ኮንክሪቱን ሰኞ ራሳቸው በመዶሻ እንደሚሰብሩት ጋሼ ቃል ገብተዋል። ቃላት ምን ማለት እንደሆኑ ኮሚቴው ከእንግዲህ በድምፅ አይወስንም።

ስብሰባው 12፡30 ላይ ተበትኗል። ጸሐፊው ግን ከመስኮቱ አልገባም። እጁን ከዘረጋ ሰዓት ሊሞላው ስለነበር በቃ ግባ አልኩት። «ከስፖርቱ በኋላ ልጅቷ ተመልሳ ‹ደህና አምሹ› ትላለች ብለውኛል እትዬ» አለኝ።