ያማጠችው ከዲጃ፣ የወደቅኩት እኔ!

ጓደኞቼ፣ ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት!

እንደምታውቁት ሥራዬ መካነ ሰላም ከተማ ቁጭ ብዬ የገጠር ነፍሰ ጡሮችን በስልክ ማበረታታት ነው። ሙያው በፈረንጅ አፍ «ዱላ» ይባላል።

አዎ፣ ዱላ! የደንበኛዬ የከዲጃ አማት እማማ ሩቅያ ሲሰሙ «ለምጥ ደግሞ ዱላ ምን ይሠራል?» ብለውኛል።

የኦንላይን ሰርተፊኬት አለኝ። ልጅ ግን የለኝም። ኔትወርክ ስለሚያስቸግር እስካሁን ያገዝኩት በድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ምጥ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ከዲጃ የወግዲ ገጠር ልጅ ናት። ባሏ ሳውዲ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ስለተወለደ ዘጠኝ ወር ሙሉ ስትፈራ ከረመች። «የአሁኑን ዓይንሽን እያየሁ ነው የምወልደው» ብላ ቃል አስገባችኝ።

ዛሬ ረፋድ ላይ ከጤና ጣቢያው በቪዲዮ ደወለች። ስልኩን እማማ ሩቅያ ይዘውላታል። ኔትወርኩ ደግሞ መስታወት!

እኔም በፕሮፌሽናል ድምፅ፣ «ከዲጃዬ፣ ከእኔ ጋር ተንፍሺ። ሳቢ... አውጪ...»

እሷ በልክ ስትተነፍስ እኔ እንደ ወናፍ አናፋለሁ።

ድንገት ስልኩ በእማማ ሩቅያ እጅ ውስጥ ዞረ። የሕፃኗ ራስ ብቅ ሲል አየሁ።

ያ ረቢ!

ቤቱ ዞረብኝ። ከወንበሬ ዱብ!

ከስልኩ ውስጥ ከዲጃ፣ ያውም እያማጠች፣ «እህቴ! የት ገባሽ? ደህና ነሽ?»

እማማ ሩቅያ ቀጠሉ፣ «አብሽሪ ልጄ! ራስሽን ዝቅ አርጊ። በአፍንጫሽ ሳቢ፣ ቀስ...»

የእኔን ትምህርት! ለእኔ!

አዋላጇ ጮኸች፣ «እማማ፣ የምትወልደዋን ያዙልኝ!»

እየዳህኩ ስልኩ ጋ ስደርስ ሕፃኗ ተወልዳለች፤ ድምፅ ግን የላትም።

«ለምን አታለቅስም?» አለች ከዲጃ።

አዋላጇ የሕፃኗን ጀርባ በጨርቅ ታሻለች።

ከዚያ... ቀጭን፣ የተቆጣ ለቅሶ!

እማማ ሩቅያ «አልሃምዱሊላህ!» ብለው ዘፍ አሉ። አዋላጇ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ከዲጃ ግን ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጣቶቿን አንድ በአንድ ትነካለች። እያንዳንዷ ጣት እንዳለች እስክታምን።

ቅድም ያልነበረች ሰው አሁን ታዛጋለች! ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የመጣው? እናንተም? ያ ኮስታራው የሰፈራችን ባለ ሱቅ እንኳን?

እንባዬ ሲወርድ ከዲጃ አየችኝ። «በይ ውሃ ጠጪ» አለችኝ።

ጠጣሁ።

አሁን ግንባሬ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት አለ። ጎረቤቶቼ «ምን ሆነሽ ነው?» እያሉ ነው። ምን ልበላቸው፣ «ምጥ ጠንቶብኝ»?