ቅቤ በአናት ሲፈተን

ሰው ስለ ዕድሜው ከሚዋሸው ይልቅ ስለሚበላው ቅባት ለሐኪም የሚዋሸው ይብሳል። እናንተስ ብትሆኑ «ቅባት እንኳ እምብዛም ነኝ» ሳትሉ ትቀራላችሁ? እኔ ብያለሁ! የጎንደሩ ወጣት ሐኪም ግን የደም ምርመራዬን ውጤት በእጁ ይዞ ነበር።

«መምህር፣ ያን በፋብሪካ እንዲረጋ የተደረገ የአትክልት ዘይት ጨርሰው ይተዉት። በደምዎ ውስጥ መጥፎውን ቅባት ይጨምራል፣ ጥሩውን ይቀንሳል፤ ለልብዎ አይሆንም። ቅቤም ቢሆን በጣም በጥቂቱ» አለኝ።

ከዚህ ሁሉ ምክር ጆሮዬ ይዞ የወጣው «ቅቤ» የምትለዋን ብቻ ነው። የገና በዓል አምስት ቀን ቀርቶታል፤ ቅቤ ያልነካው ዶሮ ወጥ ደግሞ ለእኔ የለቅሶ ቤት ምግብ ነው። ወደ ደባርቅ ስመለስ ሚኒባሱ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ቆም ቢል ዘልዬ ወረድኩና ሁለት ኪሎ ነጭ፣ የሚያምር ቅቤ ገዛሁ።

ቤት ስደርስ የሚስቴ አክስት እትዬ ውዴ ጠበቁኝ። እትዬ ውዴ ቅቤ በመለየት ሰፈሩ ሁሉ የሚያማክራቸው ሴት ናቸው። አሸተቱት። በጣታቸው አሹት። ጾም ነውና መቅመስ አይቻልም።

«ይኼ የላም ብቻ አይመስለኝም ልጄ፤ ያን የሚረጋ ዘይት ቀላቅለውበታል» አሉ።

ልቤ ድው አለ፤ ሐኪሙ የፈራለት ያው ልብ! አይደለም ብዬ ተሟገትኩ። እሳቸው ሻሻቸውን ፈቱ፣ በርጩማ ይዘው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ።

«አናቴ ይፍረድ፤ ንጹሕ ቅቤ ፀሐይ ሲነካው ይቀልጣል፣ የተቀላቀለበት ግን አይበገርም» አሉ።

«በጾም ቅቤ ይቀባሉ እንዴ?»

«የንስሐ አባቴን ነገር ለኔ ተወው። አንተ ልብህን ጠብቅ!»

አናታቸው ላይ በግራ በኩል የእኔን ቅቤ በዛ አድርገው፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ለበዓሉ ከዳባት ካስመጡት ለጋ ቅቤ ቆንጠር አድርገው አስቀመጡ። ወዲያው ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ አጥር ላይ የተንጠለጠለም ነበር። ቀኙ መቅለጥ ሲጀምር እኔ አላስችል አለኝ።

«ይሄማ ፍርደ ገምድል ነው! የእኔ ብዙ፣ የእርስዎ ጭላጭ! እኩል ይሁን!»

«እኩል ይሁን!» አለ ጎረቤቱም።

እትዬ ውዴ ከት ብለው ሳቁና በጣሳ የቀረውን የዳባት ቅቤ በሙሉ ጠርገው አናታቸው ላይ መረጉት።

አቤት የዚያን ቀን ጉጉት! የታኅሣሥ ፀሐይ ጠንከር ስትል የዳባቱ ቅቤ በጆሮ ግንዳቸው፣ በአንገታቸው ኩልል ብሎ ወረደ። የእኔው ነጭ እንደሆነ ቁጭ ብሏል። «ብርዱ ነው» ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት፤ ፀሐዩ አንድ፣ አናቱ አንድ! ጎረቤቱ አጨበጨበ፤ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በሕይወቴ እንዲያ ደስ ብሎኝ የተሸነፍኩበት ቀን የለም።

ሁለቱን ኪሎ አውጥተን ጣልነው።

«በል እንግዲህ፣ የዘንድሮ ዶሮ በኑግ ዘይት ነው» አለች ሚስቴ።

«የዳባቱስ ቅቤ?»

በጣቷ የአክስቷን አናት አመለከተችኝ።

ምን ይደረግ! ያ ሁሉ ቅቤ እኔ ልብ ላይ ከሚከርም እሳቸው አናት ላይ ይክረም።