ሽማግሌ የተላከበት ኢሜይል

የዘንድሮ ሌባ ጨዋ ነው። በር አይሰብርም፣ ኪስ አይዳብስም፣ ቢላ አይመዝም። «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ይጀምራል፣ «ስለ ትብብርዎ ከልብ እናመሰግናለን» ብሎ ይጨርሳል። እውነተኛው መሥሪያ ቤት ግን፣ እናንተም እንደምታውቁት፣ ውድም ደንበኛም ብሎን አያውቅም። «ከሰዓት ተመለስ» ነው የሚለን። ስለዚህ የማታውቁት ሰው በኢሜይል አክብሮ ከጠራችሁ መጀመሪያ መጠርጠር ያለባችሁ አክብሮቱን ነው።

ይህን የምለው በርቀት ሰምቼ አይደለም። ሱሉልታ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ዲግሪዬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ «ፎቶ ኮፒ እናነሳለን» የሚል ወረቀት አለ፤ ባለጉዳዮቼ የሚያነቡት ሁለተኛውን ነው። እዚህ የመጣሁት ወድጄ አይደለም። ቡራዩ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነበርኩ። የዓመት ፈቃድ ላይ ሳለሁ አንድ ፋይል ጠፋ፤ ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ «ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪታወቅ ድረስ ከሥራ ታግደዋል» የሚል ደብዳቤ ጠበቀኝ። ማንም አልጠየቀኝም። ማንም አልደወለልኝም። ይኸው ጉዳዩ እስከ ዛሬ እየተጣራ ነው። ጠላ ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ጠርቶ፣ ተጠጥቶ፣ ጋኑም ታጥቦ ነበር።

ወደ ኢሜይሉ ልመለስ። በየሰፈሩ አንድ የተማረ ሰው አይጠፋም፤ የሰው ሁሉ ስልክ አስተካካይ። በእኛ ሰፈር ያ ሰው እኔ ነኝ። ከተማ ያሉ ገዢዎች «ጥሬ ገንዘብ የለም፣ በኢንተርኔት ነው የምንከፍለው» ማለት ሲጀምሩ ጎረቤቶቼ የክፍያ ሒሳብ ሊያስከፍቱ ወደ እኔ ጎረፉ። ሒሳቡ ኢሜይል ይፈልጋል፤ ኢሜይል ያለው ሰው የለም። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ኢሜይል ከፈትኩ፤ ሁሉም የሚገባው ግን እኔ ስልክ ላይ ነው። የሚስጥር ቃላቸውን ስነግራቸው ደግሞ «አንተው ጋ ይቀመጥ» ይሉኛል። ገበያ ሲወጡ የቤታቸውን ቁልፍ ጎረቤት ጋ እንደሚተዉት መሆኑ ነው። በዚህ ሁኔታ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ገንዘብ ቁልፉ እኔ ጋ ሆነ፤ ገንዘቡ ብቻ እነሱ ጋ ቀረ።

ከነዚህ ሰዎች አንዱ ኦቦ ገመቹ ናቸው። ወተት ለካፌዎች ያስረክባሉ። ዋና ታላቢ ላማቸው በበሽታ ስለሞተች፣ በምትኳ ጫንጮ ካለ ገበሬ አንዲት እርጉዝ ጊደር ሊገዙ ተስማምተው ነበር። ያላቸው ሁሉ እዚያ ሒሳብ ውስጥ ነው። ያ ገንዘብ ከጠፋ ጊደር የለም፤ ጊደር ከሌለች ወተት የለም፤ ወተት ከሌለ ኦቦ ገመቹ ቤት ምን እንደሚኖር እኔም አላውቅም።

ጊደሯን ሊያመጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ በሳቸው ስም በከፈትኩት አድራሻ ይህ መጣ፦ «ውድ ተጠቃሚ፣ በሒሳብዎ ላይ አጠራጣሪ እንቅስቃሴ በመታየቱ ታግዷል። በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከታች ያለውን ሊንክ ተጭነው ካላረጋገጡ እስከ መጨረሻው ይዘጋል።»

የማጭበርበር ምልክቶቹን አያውቅም ነበር እንዳትሉኝ። ሰበታ ያለችው እህቴ እንዲህ ባለ መልእክት ደሞዟን ስታስበላ ስልክ ላይ ሆኜ ሌክቸር የሰጠኋት እኔ ነኝ። «ስምሽን ጠርቷል? ካልጠራ አያውቅሽም። የላኪውን አድራሻ ፊደል በፊደል አይተሻል? አንዲት ፊደል ትጨመራለች፣ አንዲት ትጎድላለች። ለምን አስቸኮለሽ? ቆም ብለሽ እንዳታስቢ ነው። የሚስጥር ቃልማ እናታችን ከመቃብር ተነስታ ብትጠይቅሽም አትስጪ!» እህቴ የገንዘቡን ሐዘን ሳትጨርስ የኔን ስድብ ጨመርኩባት። ለጥቂት ጊዜ አልደወለችልኝም፤ ትክክል ናት።

እነዚያ ምልክቶች በሙሉ፣ አንድም ሳይጎድሉ፣ ፊቴ ተደርድረው ነበር። እኔ ግን ያየሁት አንዲት ቃል ብቻ ነው። «ታግዷል።» ደሜ ፈላ። ደግሞ ጀመሩ! ሳይጠይቁ፣ ሳይሰሙ፣ ዝም ብሎ ማገድ! ደንቆሮ ቢሆን ኖሮ ይጠራጠር የነበረውን ነገር እኔ ወዲያው አመንኩት፤ በራሴ ደርሶብኛላ! ሌባ የእናንተን አለማወቅ አይፈልግም፤ ቂማችሁ ይበቃዋል።

ሊንኩን ነካሁት። ቀለሙም ምልክቱም እንደ ክፍያ ድርጅቱ የሆነ ገጽ ተከፈተ። የኦቦ ገመቹን የሚስጥር ቃል አስገባሁ። ገጹ ቀጥሎ «በስልክዎ የተላከውን ቁጥር ያስገቡ» አለኝ። ስልኩ ያለው ኦቦ ገመቹ ጋ ነው። ደወልኩ።

«አከም ቡልተን ኦቦ ገመቹ! አሁን ስልክዎ ላይ ቁጥር ይገባል፤ ቶሎ ያንብቡልኝ።»

«ገብቷል። የምንድነው?»

«ሒሳብዎን አግደውታል፤ ማስከፈቻው ነው።»

«ማን ነው ያገደው?»

«ድርጅቱ ነዋ!»

«ምን አድርጌ?»

«ምንም። እነሱ እንደዚህ ናቸው። እኔን ይጠይቁኝ!»

«ሰው ነገር ሠርቶብኝ ነው። ያ ወተትህ ቀጠነ ያለኝ ባለካፌ ይሆናል።»

«ኦቦ ገመቹ፣ ቁጥሩን!»

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ ኢልማኮ። የተቀየመ ሰው ጋ ቁጥር ይላካል እንዴ? ሽማግሌ ነው የሚላከው!»

ዘጉት። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አያነሱም። የቁጥሩ ጊዜ አለፈና ገጹ ቀላ። እኔም ቀላሁ። የሰዎችን ኋላ ቀርነት እየረገምኩ ሳለ ሁለት ጋቢ የለበሱ ሰዎች ደጄ ላይ ቆሙ። አንዱ አቶ ተሰማ ናቸው፤ ከጎጃም መጥተው ሱሉልታ ላይ ቆርቆሮና ምስማር ሲሸጡ ያረጁ። ሁለተኛው ኦቦ ለሜሳ፤ በእርቅ ላይ የሚታወቁት በዝምታቸው ነው፤ ዝምታቸው ብዙ ሰው አስታርቋል። ኦቦ ገመቹ ከኋላ ከዘራቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ቤታቸው የት ነው?» አሉ አቶ ተሰማ።

«የማን?»

«የተቀየሙት ሰዎች።»

«አባቴ፣ ይሄ በኢንተርኔት ነው፤ ቤት የለውም።»

«ቤት የሌለው ሰው ነው እንዴ የሰው ገንዘብ የሚይዘው?»

ድርጅቱ መናኸሪያው አጠገብ ቅርንጫፍ እንዳለው አመንኩና እየመራሁ ወሰድኳቸው። ኦቦ ገመቹ ውጭ ቀሩ። በዳይ ከሽማግሌ ጋር አብሮ አይገባማ።

መስኮቱ ጋ ያለችው ወጣት ሠራተኛ ወንበር ብትሰጣቸውም ሽማግሌዎቹ አልቀመጥ አሉ።

«ቃልሽን ሳትሰጪን አንቀመጥም፣ ልጄ» አሉ አቶ ተሰማ። «አጥፍቶ ይሆናል፤ ሰው ነው። እኛ ስለሱ ይቅርታ ልንጠይቅ መጥተናል። ልጆች አሉት።»

«ማን ነው ያጠፋው፣ አባቴ?»

የኦቦ ገመቹን ስም ነገርኳት። ኮምፒዩተሯን አየች። «ሒሳቡ እኮ ምንም አልሆነም። ማንም አላገደውም።»

አቶ ተሰማ ወደ በሩ ዞረው ተጣሩ። «ገመቹ! ግባ! ይቅር ብላለች!»

ኦቦ ገመቹ ገብተው የልጅቷን እጅ ሊስሙ ሲሉ በስንት መከራ አስጣለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ስልኬን ተቀብላ ኢሜይሉን አነበበች።

«ሊንኩን ነክተውታል?»

«ነክቼዋለሁ።»

«የሚስጥር ቃሉንስ?»

«አስገብቻለሁ።»

«በስልክ የመጣውን ቁጥርስ?»

«እሱን እኔ ከለከልኩት» አሉ ኦቦ ገመቹ፣ ጥፋት የሠሩ መስሏቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው ሳልክ ደስ አላለኝም።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው። «እንኳን ከለከሉ። እሷን ቁጥር ቢሰጡ ኖሮ ይሄኔ ሒሳብዎ ባዶ ነበር።»

እዚያው የሚስጥር ቃሉን አስቀየረቻቸው፤ እኔን ዞር ይበሉ አለችኝ። «እኛ በኢሜይል የሚስጥር ቃልም ቁጥርም አንጠይቅም፤ የሚያሰጋ ነገር ከደረሳችሁ የመጣውን ሊንክ ተዉትና ራሳችሁ በምታውቁት ስልክ ደውሉ፤ አለዚያ ልክ እንደ ዛሬው በእግራችሁ ኑ» አለች። ኦቦ ለሜሳ በዚያን ቀን የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፦ «እና እኛ ሌላ ምን አደረግን?»

ወጣን። ኦቦ ገመቹ ጫንጮ ደውለው ጊደሯን ልወስድ እመጣለሁ አሉ። ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና ድንገት ወደ እኔ ዞሩ።

«ያንተስ ነገር? ያ ቡራዩ ያገዱህ?»

«ስንት አቤቱታ ጽፌላቸዋለሁ።»

«መጻፍህን አይደለም። ሰው ልከሃል?»

«የመንግሥት ሥራ በሽማግሌ አይሆንም፣ ኦቦ ገመቹ።»

«እንግዲህ ለብሰን ወጥተናል» አሉ አቶ ተሰማ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ።

ሦስት ሽማግሌ አንዴ ከለበሰ የሚመልሰው የለም። አዲሱ ገበያ ወርደን፣ በአስኮ አድርገን፣ ቡራዩ ገባን። በመሥሪያ ቤቱ በር ከታገድኩ ወዲህ አልፌ አላውቅም ነበር። ያገዱኝ ሰዎች አንዳቸውም የሉም፤ አንዱ አድጓል፣ አንዱ ተዛውሯል፣ ሌሎቹን የሚያውቅ የለም። አዲሱ ኃላፊ ትሑት ወጣት ነው። ስሜን ግን አያውቅም። ኮሪደሩ ላይ እንደቆምን የአቶ ተሰማን ንግግር እስከ መጨረሻው ሰማ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ውድ ባለጉዳዮቻችን፣ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን። ጉዳዩን በኢሜይል ላኩልን፤ አይተን መልስ እንሰጣለን» አለና ገባ።

ደረጃውን ስንወርድ ኦቦ ገመቹ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ስምህን አያውቅም» አሉ። «ውድ አለ። በኢሜይል አለ። ይሄኛውም ሌባ ነው ማለት ነው?»

ምልክቶቹን አንድ በአንድ በልቤ ቆጠርኳቸው።

«አይደለም ኦቦ ገመቹ» አልኳቸው በመጨረሻ። «ሌባ እኮ ሃያ አራት ሰዓት ይሰጣል።»