ጉልበቴና የቅዳሜው ጤና ቡድን

ሰውን እንደ ጤና ስፖርት የሚያሳምመው ነገር የለም! በቃ፣ አትከራከሩኝ። እስኪ በየሰፈራችሁ የሚያነክሰውን ሰው ሁሉ አስቁማችሁ «ምን ሆነህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ» የሚላችሁ አንድ ሰው ካገኛችሁ ወጌን እዚሁ ላይ አቋርጣለሁ። የሚላችሁ ሌላ ነው… «ለጤናዬ ብዬ ኳስ ስጫወት!»

እኔም ለጤናዬ ብዬ ነው። እዚህ ጋምቤላ ከተማ፣ የአንድ ቢሮ ሠራተኞች ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይዋ ሳትከር ተሰብስበን ኳስ የምናባርርበት ቡድን አለን። ስሙም «ጤና ቡድን» ነው። ስኳር ያለበት አለ፣ ደም ግፊት ያለበት አለ፣ ወገቡን የሚያመው አለ… ደህናው እኔ ብቻ ነበርኩ። አምና አንድ ቅዳሜ ግን ኳሷን አስቁሜ ወደ ግራ ዞርኩ። እኔ ዞርኩ፤ ጉልበቴ ግን አልዞረም! «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁና መሬት ላይ ተዘረጋሁ።

አምበላችን ጋትሉዋክ ከወዲያኛው ጫፍ በሦስት እርምጃ ደረሰ። የሰውዬውን ቁመት ብታዩ እርምጃው ማነሱ ባልገረማችሁ።

«ማን መታህ?»

«ማንም!»

«ማን ገፋህ?»

«ማንም አልገፋኝም አልኩህ!»

ዙሪያውን አየና አዘነ። «ታዲያ ቀይ ካርዱን ለማን እንስጥ?»

ባጃጅ ውስጥ አስገቡኝ። እግሬ አልታጠፍ ስላለ በጎን በኩል እንደ ሸንኮራ አገዳ ወጥቶ፣ በገበያው መሃል ሰው እያየኝ ቤቴ ደረስኩ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ትዕግስት ትባላለች፤ ስሟን አትመኑ። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ እኔንም የምታናግረኝ የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ ነው።

«እኔ እኮ ብዬ ነበር! ከአንገት በላይ ሸብቶ ከወገብ በታች ልጅ መሆን ምን የሚሉት ነው?»

ከወገብ በታች ያለው ነገር ለጊዜው ሥራ አቁሟል።

ጅማቱ ተበጥሷል ተባለ፤ አዲስ አበባ ሄጄ በቀዶ ጥገና ተሠራ። ሐኪሙ «ከጭንህ ጅማት ወስደን ጉልበትህ ላይ እንተክላለን» አለኝ። ከራሴ ወስዶ ለራሴ! እኛ ቢሮ ይሄ የበጀት ዝውውር ነው የሚባለው። እንደምታውቁት ደግሞ የበጀት ዝውውር የጎደለውን ሲሞላ የሞላውን ያጎድላል… ጉልበቴን ብቻ እያመመኝ የሄድኩት ሰውዬ ጭኔንም እያመመኝ ተመለስኩ።

በጋምቤላ ሙቀት በሁለት ክራንች መሄድ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም፤ ጠላቶቼ ያነቡታል። ከሙቀቱ የባሰው ግን ምክሩ ነበር። እናቴ ወሬውን ሰምታ ከአቦቦ ከች አለች። በሰፈራው ዘመን ከወሎ መጥታ አልዌሮ አካባቢ የቀረች፣ ዛሬም በቆሎዋን በእጇ የምትኮተኩት ሴት ናት። በአንድ እጇ ቅቤ፣ ከኋላዋ ደግሞ ወጌሻ አስከትላ ገባች።

ጠባሳዬን ስታይ ጮኸች። «ወይኔ ልጄን! እንደ ጆንያ ሰፍተው ላኩልኝ!»

ወጌሻው ጋሽ ሙሄ መነጽራቸውን አስተካክለው ጉልበቴን አየት አደረጉ። «ይሄ እኮ ትንሽ ቢታሽ ይገባ ነበር።»

«ምኑ ነው የሚገባው ጋሽ ሙሄ?»

«የወጣው!»

«የወጣ ነገር የለም! የተበጠሰ ነው፣ እሱም ተቀጥሏል!»

እጃቸውን ሲዘረጉ የለቀቅኩትን ጩኸት የባሮ አዞዎች ሳይሰሙት አይቀሩም። በሽምግልና፣ እሽታው ቀርቶ ጠባሳውን ሳይነካ ጭኔና ባቴ ቅቤ ብቻ እንዲቀቡ ተስማማን። በማግስቱ ሆስፒታል ስሄድ ፊዚዮቴራፒስቷ አሪየት አጠገቤ እንደደረሰች አፍንጫዋን ያዘች። አሪየት የጋምቤላ ልጅ ናት፤ አኙዋ ናት። ረጋ ያለች፣ ንግግሯ እንደ መድኃኒት ጠብታ የሚቆጠር።

«ምንድነው የሚሸተው?»

«ቅቤ…»

«ቅቤው ለወጥ። ጉልበቱ ለእኔ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «እጠፍ» ትለኛለች። «ታጠፈ» እላታለሁ። «አልታጠፈም» ትላለች። ክርክሩ ሁልጊዜ በእሷ አሸናፊነትና በእኔ ለቅሶ ያልቃል። ቤት ውስጥ የምሠራው እንቅስቃሴም ታዞልኛል… እናንተዬ፣ ማን ይሠራዋል? እሷ ስትጠይቀኝ ግን «ሠርቻለሁ» እላለሁ።

አንድ ቀን ጉልበቴን ይዛ አጠፍ ዘርጋ አደረገችና «አንተ ሠራሁ ትላለህ። ጉልበትህ አልሠራም ይላል። እኔ ጉልበትህን አምናለሁ» አለችኝ። ቀጥላም ትዕግስትን አስጠራቻት። «መምህርት፣ አብራችሁ ሥሩ። አንቺ ቀድመሽ ታሳዪዋለሽ፣ እሱ ይከተላል። ብቻውን ይዋሻል።»

ትዕግስት ሥልጣን አገኘች! በነጋታው ወፍ ሳይንጫጫ ብርድ ልብሱን ከላዬ ገፈፈችው። «ቁጢጥ በል!» እሷ ቁጢጥ ትላለች፤ እኔ ሩብ ላይ እቆማለሁ። እሷ በአንድ እግሯ ትቆማለች፤ እኔ በአንድ እግሬና በግድግዳው እቆማለሁ። መጀመሪያ በግዴታ ነበር የምትሠራው። ትንሽ ቆይቶ ግን ጠመኔ ይዛ ቆማ ስትውል የሚያማት ወገቧ ተዋት። እንቅልፏ አማረ። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ፌስታሏ ውስጥ ከቲማቲሙ ሥር የስፖርት ጫማ አየሁ።

«ለማን ነው?»

«ለአንተማ አይሆንም፤ ቁጥሩ ትንሽ ነው።»

ክረምቱ ገባ፣ ባሮ ሞላ። ክረምቱ ወጣ፣ ባሮ ጎደለ። እኔ ከክራንች ወደ አንድ ምርኩዝ ተሻሻልኩ። ጠዋት ጠዋት ወንዙን ይዘን እስከ ድልድዩ እንሄዳለን… እንሄዳለን ስል እኔ እሄዳለሁ፣ እሷ ትሮጣለች። ደርሳ ትመለስና «አለህ?» ብላኝ ደግማ ትፈተለካለች። አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሽማግሌ እሷ ከፊት ስትሮጥ፣ እኔ ምርኩዜን ይዤ ከኋላ እያነከስኩ ስከተል አዩንና ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

«ተዋት ልጄ! ትዳር በዱላ አይሆንም!»

«አባባ፣ እኔ እኮ አላባረርኳትም…»

«ዱላውን ጣለው መጀመሪያ!»

ጣልኩት። ብጥለው ደግሞ አልወደቅኩም! ያለ ምርኩዝ መሄድ የጀመርኩት በሕክምና ሳይሆን በሽምግልና ነው።

በመጨረሻ አሪየት አገላብጣ አይታኝ፣ አዝልላኝ፣ «ግባ። ግን ቀስ» አለችኝ። የተመለስኩበት ግጥሚያ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ከሚሠሩ የእርዳታ ሠራተኞች ጋር ነበር። ሁለት ሴቶች አሰልፈዋል፣ ሁለቱም ፈጣን! ትዕግስትም የጠዋት ሩጫዋን ጨርሳ ልትጠብቀኝ መስመሩ ላይ ቆማለች።

ከእናንተ ምን እደብቃለሁ? ፈራሁ። ኳሷ ወደ እኔ ስትመጣ እኔ ወደ ሌላ ቦታ እሄዳለሁ። ጅማቱን ተክለውልኛል፤ ድፍረቱን ግን ከየትኛው ጭኔ ያምጡልኝ? ጋትሉዋክ «ወንድሜ፣ ኳሷ አትናከስም!» እያለ ይጮኻል። አንዴ ግን ማምለጫ አጣሁና ኳሷ እግሬ ላይ አረፈች። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ወደ ግራ ዞርኩ… ጉልበቴም አብሮኝ ዞረ! እንባዬ መጣ። እውነቴን ነው፤ ሜዳ መሃል ቆሜ ጉልበቴን አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ኳሷንማ ወዲያው ነጠቁኝ፤ ማን ልብ ብሏት!

ደስታዬ ግን ከትንፋሼ ጋር አብሮ አለቀ። ለካ ጅማቴ ሲጠነክር ቦርጬም አላረፈም ኖሯል። «ቀይሩኝ!» ብዬ እጄን አወጣሁ። ተቀያሪ የለም፤ አንዱ ለቅሶ ሄዷል፣ ሌላው መስክ ወጥቷል። አንድ ለዜሮ እየተመራን ነው። ጋትሉዋክ ወደ መስመሩ አየ። የስፖርት ጫማ ያደረገ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

«መምህርት፣ ትገቢያለሽ?»

«እኔ? ኳስ እኮ አልችልም!»

«ባልሽስ መቼ ይችላል?»

መለያዬን አውልቄ ሰጠኋት። ኳስ እንደማትችል እውነቷን ነው፤ ግን አትቆምም! ኳስ የያዘውን ሁሉ ክፍል አርፍዶ የመጣ ተማሪ በምታይበት ዓይን እያየች ታሳድደዋለች። አንዱ የእርዳታ ሠራተኛማ እፎይ እንድትለው ብሎ ኳሷን በእጁ ሊሰጣት ምንም አልቀረውም። ሊያልቅ ሲል ከማዕዘን የተመታች ኳስ መጥታ ጉልበቷን ገጨችና መረቡ ውስጥ ገባች። ሜዳው ተናወጠ።

«አገባች! በጉልበቷ አገባች!» ይላል ጋትሉዋክ እየዘለለ።

ከመስመሩ ውጪ ሆኜ «ካገባች ቆየች! ባሏ እኔ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩ። የሰማኝ የለም፤ ሁሉም እሷን ተሸክሟል።

ለቀጣዩ ቅዳሜ ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋጀሁ። ጫማዬን አጠብኩ፣ ቦርጬን ተቆጣሁ፣ ያለ አዛዥ ቁጢጥ አልኩ። ዓርብ ከሥራ በኋላ ስልኬ ጠራ፤ ጋትሉዋክ ነው። ሁለቴ ሳይጠራ አነሳሁት።

«አምበል! ጉልበቴ ድንጋይ ሆኗል፣ ነገ ከሁሉም ቀድሜ ነው የምገኘው!»

«እግዚአብሔር ይመስገን ወንድሜ፣ በጣም ደስ ብሎኛል» አለ ከልቡ። «በል አሁን ስልኩን ለመምህርት ስጣት።»